ስልኩ ማንን ያስቀድም? ከአሪቻ የቡና ሚዛን አጠገብ የሚነሣ ጥያቄ

ኅዳር ላይ አሪቻ ውስጥ ሥራ ፈት ሰው ማግኘት ይከብዳል። ቡናው ቀልቷል። ጠዋት ለቀማ ነው፤ ከሰዓት በኋላ እሸቱን ተሸክሞ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው መውረድና ሚዛን ላይ መሰለፍ ነው። ከይርጋጨፌ ከተማ ብዙም የማትርቀው ይህች ቀበሌ ስሟ ባሕር ማዶ በሚሸጡ የቡና ከረጢቶች ላይ ሳይቀር ይጻፋል። እሸቱን ተሸክሞ ለሚወርደው ገበሬ ግን ትልቁ ጉዳይ አንድ ነው፦ ዛሬ በኪሎ ስንት?

እንዲህ ያለ ከሰዓት በኋላ ይታሰብ። የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም፤ በለቀማ ወቅት በየትኛውም ሚዛን አጠገብ ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው።

አንድ ገበሬ እሸቱን አውርዶ ወረፋ ይጠብቃል። ዲላ የሚማረው ልጁ በቴሌግራም ቮይስ ልኮለታል። አባት ጽሑፍ አያነብም፤ ልጁ ሁልጊዜ በድምፅ የሚልክለትም ለዚህ ነው። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ በስፒከር ከፈተው። «አባባ፣ ማታ ከሰዎቹ ጋር ተነጋግሬ ነበር፤ እሸቱን ዛሬ ለዚህ ሳይት…» እዚህ ላይ አጠገቡ የቆመው ትንሹ ልጅ ከስክሪኑ አናት ብቅ ያለውን የቲክቶክ ማሳወቂያ በጣቱ ነካው። የልጁ ድምፅ ጠፋ። ከበሮና ጭፈራ ሞላ። ገበሬው ልጁን ገሠጸው፣ ስልኩን አጠፋው። በዚህ መሐል ወረፋው ደረሰ። መልእክቱን እንደሰማ ቆጥሮ እሸቱን ሚዛን ላይ አወጣ።

ማታ ቤት ገብቶ ቮይሱ ከመጀመሪያው ሲከፈት የጎደለው ተሰማ፦ «…ለዚህ ሳይት አትስጥ። ነገ ጠዋት በኪሎ የሚጨምር ገዢ ይመጣል።»

የጠፋው አንድ ቃል ነው፦ አትስጥ።

*

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ምን ችግር አለው፣ ደግሞ መክፈት ነው» ይል ይሆናል። ለሚያነብ ሰው እውነት ነው። የሚያነብ ሰው ስልኩን የሚያውቀው በዓይኑ ነው። ድምፅ ቢቋረጥበት ስክሪኑ ላይ የቀረውን ያያል፤ ቮይሱ ግማሽ ላይ እንደቆመ መስመሩ ይነግረዋል፤ ቴክስት ሲገባ ያነበዋል። ለእሱ የስልኩ ድምፅ ደወል ብቻ ነው፤ ዋናው ነገር ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ይጠብቀዋል።

ለማያነብ ሰው ግን ድምፁ ራሱ ጽሑፉ ነው። ቮይስ ደብዳቤው ነው። ስልኩ የሚያሰማው ነገር በሙሉ የእሱ ስክሪን ነው። የዓይን ብርሃን ለሌለውም፣ ዓይኑ ለደከመ አዛውንትም፣ ሞተር ሲነዳ ወይም ቡና ሲያሽ እጁ ለተያዘም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንዱ አፕ የሌላውን ድምፅ ቆርጦ ሲገባ ከእነዚህ ሰዎች እጅ ላይ ደብዳቤ ቀዶ እንደ መውሰድ ይቆጠራል።

በዚህ ላይ ቋንቋችን የራሱን ይጨምርበታል። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ጌዴኡፋም በዚህ ይመሳሰላል። በእንግሊዝኛ «አትሽጥ» የሚለው ነገር ከዓረፍተ ነገሩ ፊት ይቀመጣል፤ ጅራቱ ቢቆረጥ ውሳኔው አስቀድሞ ተሰምቷል። በእኛ ግን «እሸቱን ዛሬ ለዚህ ሳይት» ከተባለ በኋላ ስጥ ይሁን አትስጥ፣ ገባ ይሁን አልገባም፣ ዳነ ይሁን አልዳነም የሚለየው በመጨረሻዋ ቃል ነው። ዓረፍተ ነገራችን ጅራቱ ላይ ከተቆረጠ የሚጠፋው ፍሬ ነገሩ ነው። የስልኩን ሕግ ያወጡት ሰዎች ግን ይህን ቋንቋ እያሰቡ አላወጡትም።

*

ለመሆኑ የስልኩ ሕግ ምንድን ነው? ብዙ ሰው ሕግ ያለው አይመስለውም፤ አለው።

አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው 2.2 በተባለው ስሪቱ «ኦዲዮ ፎከስ» የሚባል አሠራር አስገባ። በአማርኛ «የድምፅ ተራ» ልንለው እንችላለን። አንድ አፕ ድምፅ ማሰማት ሲፈልግ ስልኩን ተራ ይጠይቃል። ስልኩ ይሰጠዋል። ቀድሞ ሲያሰማ ለነበረው አፕ ደግሞ ከሦስት አንዱን ይነግረዋል፦ «ተራህ አልቋል፣ አቁም»፤ ወይም «ለጊዜው ቁም፣ ይመለስልሃል»፤ ወይም «ለጊዜው ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ቀጥል»። ስልክ ሲደወል ዘፈን ቆሞ ጥሪው ሲያልቅ የሚመለሰው በሁለተኛው ነው። መንገድ የሚመራ አፕ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ሲል ሙዚቃው ዝቅ የሚለው በሦስተኛው ነው። የገበሬው ቮይስ የተቆረጠው በመጀመሪያው ነው፦ ቪዲዮው ተራውን ጠቅልሎ ወሰደ፤ ቮይሱም ተመልሶ አልመጣም።

ይህ ሕግ ለረጅም ጊዜ የተመሠረተው በአፖቹ ጨዋነት ላይ ነበር። አቁም የተባለ አፕ አላቆምም ቢል የሚያስገድደው አልነበረም። ሁለት ድምፅ ተደራርቦ የሚሰማበት ጊዜ የነበረው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድሮይድ 8 ሲወጣ ስልኩ ራሱ የሌላውን ድምፅ ዝቅ ማድረግ ጀመረ። በ2021 በአንድሮይድ 12 ደግሞ ተራው ያለፈበትን ሙዚቃና ቪዲዮ ራሱ ቀስ እያደረገ ያጠፋው ጀመር። መደራረቡ ቀነሰ።

ነገር ግን መሠረቱ አልተለወጠም። ስልኩ የሚጠይቀው «መጨረሻ የመጣው ማነው?» ብሎ ነው። «ለባለቤቱ የሚበልጠው የቱ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። መጨረሻ የመጣ ሁሉ ያሸንፋል። የእናት ድምፅም ይሁን የሳሙና ማስታወቂያ፣ ለሕጉ ልዩነት የለውም።

የሚገርመው፣ ንግግርና ዘፈን እኩል እንዳልሆኑ የስልኮቹ ሠሪዎች ያውቃሉ። አንድሮይድ ላይ አንድ አፕ «የማሰማው ንግግር ነው» ብሎ አስቀድሞ ካስታወቀ፣ ስልኩ ያንን ድምፅ በራሱ ሥልጣን ዝቅ አያደርገውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ዘፈን ዝቅ ቢል ዜማው አይጠፋም፤ ንግግር ዝቅ ቢል ግን ቃል ያመልጣል። አይፎንም ላይ የመንገድ መሪ ዓይነት አፖች ሙዚቃውን ዝቅ አድርገው፣ ንግግርን ግን ለአፍታ አስቁመው እንዲናገሩ የሚያስችል ምርጫ አለ። ስለዚህ ዕውቀቱ አለ፤ መሣሪያውም አለ። የጎደለው አስገዳጅነቱ ነው። አፕ ሠሪው ያንን አንድ መስመር ካልጻፈ ስልኩ ንግግሩን ከዘፈን አይለየውም።

*

የቮሊዩሙ ጉዳይ ደግሞ አለ። በአብዛኛው አንድሮይድ ስልክ ላይ ለጥሪ፣ ለደወል፣ ለአላርም የተለያየ መጠን መስጠት ይቻላል። ቮይስ፣ መዝሙር፣ ቪዲዮና ማስታወቂያ ግን ሁሉም «ሚዲያ» በሚል አንድ ገመድ ታስረዋል። ቀስ ብሎ የተነገረ ቮይስ ለመስማት ቮሊዩሙን እስከ መጨረሻው የጨመረ ሰው፣ ቀጥሎ የሚከፍተው ቪዲዮ ይጮኽበታል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ሰዉ ተክዞ በተቀመጠበት፣ ከአንድ ኪስ ጭፈራ ፈንድቶ ሰው ሁሉ ዞር ሲል ያላየ የለም። ባለስልኩ አፍሮ ሲያጠፋ «ስልክ አያያዝ አያውቅም» ይባላል። ጥፋቱ ግን ግማሹ የገመዱ ነው።

ለእያንዳንዱ አፕ የራሱን ቮሊዩም መስጠት አዲስ ግኝት አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ሲቀርብ ይዞት መጥቷል። ሳምሰንግና ሻዎሚ በአንዳንድ ስልኮቻቸው ላይ ያንኑ ይሰጣሉ። ሳምሰንግ የአንዱን አፕ ድምፅ ለብቻው ወደ ብሉቱዝ መላክም ያስችላል። ችግሩ፣ እንዲህ ያለው ነገር ሴቲንግ ውስጥ አራት በር ከፍቶ የሚገኝ ነው። እጅ በእጅ ዞሮ፣ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ገበሬው ዘንድ በደረሰው ርካሽ ስልክ ላይ ደግሞ ጭራሹኑ ላይኖር ይችላል። ድምፅን ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ሰው ድምፅን የሚያስተዳድርበት መሣሪያ አነስተኛ የሆነበት ነው።

*

ታዲያ ምን ይደረግ? አምስት ነገር።

አንደኛ፣ ለባለቤቱ የተላከ የሰው ንግግር ከሚታይና ከሚዘፈን ነገር ይቅደም። ቮይስ እየተሰማ ሳለ ቪዲዮ ከተከፈተ፣ ቪዲዮው ድምፅ አጥቶ ይጀምር። ባለቤቱ የቪዲዮውን ድምፅ ከፈለገ አንድ ጊዜ ይንካና ይክፈተው። አሁን የተገላቢጦሽ ነው፤ የመጣው ይናገራል፣ የነበረው ይወጣል።

ሁለተኛ፣ የተቋረጠ ንግግር ሲመለስ ከተቆረጠበት ቃል አይጀምር። ጥቂት ሰኮንዶች ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ዓረፍተ ነገሩ የሚጀምርበት አካባቢ ይነሣ። ከጥሪ በኋላ «…ይት አትስጥ» ብሎ የሚቀጥል ቮይስ ለሰሚው ምንም አይነግረውም፤ ግሱ ግስ የሚሆነው ከፊቱ ያለው ሲሰማ ነው። ጨርሶ ያልተመለሰ ከሆነ ደግሞ ስልኩ ያስታውስ። ለማያነብ ሰው በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ያስታውስ፦ «ያልጨረስከው መልእክት አለ»።

ሦስተኛ፣ ሰው ያልነካው አፕ አይጩህ። ገጽ ሲገለጥ ራሱን የሚያስነሣ ቪዲዮ፣ በጨዋታ መሐል የሚፈነዳ ማስታወቂያ፣ «ናፍቀኸናል ተመለስ» የሚል ማሳወቂያ የድምፅ ተራ የመጠየቅ መብት ሊኖራቸው አይገባም። ጥሪና አላርም ብቻ ሳይጠሩ ይግቡ። ሌላው በር ያንኳኳና ይጠብቅ።

አራተኛ፣ የገንዘብ መልእክት የራሱ የሆነ፣ ከምንም የማይምታታ ድምፅ ይኑረው፤ ባለቤቱ ከፈቀደም ይናገር። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ የእጅ ስልክ ቦርሳ ሆኗል። ብሩ መግባቱን የሚነግረው ግን አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው፤ ድምፁም እንደማንኛውም ቴክስት አንድ «ጢን» ነው። የማያነብ ሻጭ «ጢን» ሲል ሰምቶ «ገባ» ይላል። ስንት እንደገባ፣ ጨርሶም የገባው ገንዘብ ይሁን ማስታወቂያ፣ የሚነግረው አጠገቡ ያለ ሰው ነው። በህንድ ሱቆች ውስጥ ክፍያ ሲገባ የብሩን መጠን ጮክ ብላ የምትናገር ትንሽ ሣጥን ተለምዳለች። ሻጩ እጁ በዕቃ ተይዞም፣ ማንበብ ባይችልም፣ ገንዘቡን በጆሮው ይቆጥራል። እኛ ዘንድ ለዚህ ሌላ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ ስልኩ ራሱ አፍ አለው። በእርግጥ ገበያ መሐል «ሠላሳ ሺህ ብር ገብቶልዎታል» ብሎ መጮኽ ለሌባ ጥሪ ማድረግ ነው። ስለዚህ ምርጫው የባለቤቱ ይሁን፤ ከፈለገ በጆሮ ማዳመጫ፣ ከፈለገ ስልኩን ጆሮው ላይ ሲያስጠጋ ብቻ ይናገር።

አምስተኛ፣ ቅደም ተከተሉን ባለቤቱ ይወስን፤ ጥያቄውም ሴቲንግ ሆድ ውስጥ አይደበቅ። ስልኩ መጀመሪያ ሲከፈት ቋንቋ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ በሥዕልና በድምፅ ይጠይቅ፦ «ሰው ሲናገርህ ማን ሊያቋርጠው ይችላል?» ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

*

ተቃውሞ አይጠፋም። አንዱ «ስልኩ የሚበልጠውን እንዴት ያውቃል? አንዳንድ ሰው ከአማቱ ቮይስ ይልቅ የኳስ ጨዋታውን ሊመርጥ ይችላል» ይላል። ልክ ነው፤ ለዚህም ነው አምስተኛው ነጥብ የተነሣው። አሁን ያለው አሠራርም ግን ፍርድ ነው። «መጨረሻ የመጣ ያሸንፍ» ማለት ራሱ ምርጫ ነው፤ የመረጠው ደግሞ ባለቤቱ አይደለም። በተግባር የሚጠቅመውም ደጋግሞ ለሚመጣ፣ ደጋግሞ ለሚጮኽ፣ ሰውን ስክሪን ላይ ለማቆየት ለሚሠራ አፕ ነው።

ሌላው «ጥፋቱ የስልኩ ሳይሆን የአፕ ሠሪዎቹ ነው» ይላል። ከፊሉ እውነት ነው። ይህ ግን የእኛንም ልጆች ይመለከታል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የአንድሮይድ ትምህርትም አለው። የባንክ፣ የዜና፣ የመዝሙር፣ የትምህርት አፕ የሚሠሩ ወጣቶች በየከተማው አሉ። «የማሰማው ንግግር ነው» የምትለውን መስመር ለመጻፍ የውጭ ምንዛሪ አይጠየቅም። ተራ ሲጠየቅም ለአጭር ማሳወቂያ ጠቅላላውን ተራ አለመጠቅለል፣ «ለጊዜው» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አዲስ አበባ ተቀምጦ በጥሩ ስልክ ላይ አፑን የሚሞክር ልጅ አሪቻ ያለውን ስፒከር፣ በሰው መሐል የሚሰማውን ቮይስ ቢያስብ ብዙ ነገር ይስተካከላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፦ «መፍትሔው ሰውን ማስተማር እንጂ ስልኩን ማስተካከል አይደለም።» ማንበብ መማር ከሁሉ ይበልጣል፤ በዚህ ክርክር የለም። ግን የሃምሳና የስድሳ ዓመት ገበሬ ፊደል እስኪቆጥር ድረስ ቡናው አይጠብቅም። ለአርሶ አደሩ የተከፈተው 8028 የስልክ መስመርም መረጃውን በድምፅ የሚሰጠው ይህን በማሰብ ነው። ድምፅ የድሃ ሰው መንገድ ስለሆነ ጉድጓዱ ሳይደፈን ይቆይ ማለት አይቻልም።

*

ጌዴኦ ስለ ድምፅ ተራ ከስልክ የሚማረው ብዙ የለውም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዓለም ያየው እንሰቱን፣ ቡናውንና ጥላ ዛፉን ብቻ አይደለም። ያንን መሬት ያስተዳደረውን የሽማግሌዎች ሥርዓትም ጭምር ነው። ሶንጎ ላይ ጉዳይ የሚታየው ሰው ተቀምጦ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እየሰማ ነው። መጨረሻ የገባ ሰው ጮክ ስላለ ብቻ ቀድሞ የሚናገረውን አያስቆምም። የተናጋሪው ቃል እስከ ግሱ ድረስ ይሰማል፤ ፍርድ ከዚያ በኋላ ነው። ካሊፎርኒያ ወይም ሸንዘን ያለ መሐንዲስ ሊጽፈው የሚገባው ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም።

እስከዚያው ድረስ ዛሬ ማታ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። የማያነብ አባት፣ እናት ወይም አያት ያለው ሰው ስልካቸውን ተቀብሎ ቁጭ ይበል። የማያስፈልጉ አፖች ማሳወቂያ አንድ በአንድ ይዘጋ፤ ማሳወቂያው ብቅ ሲል ጫን አድርጎ በመያዝ ድምፁን ማጥፋት ይቻላል። የገንዘብ መልእክት የሚላክበትን ቁጥር ለይቶ የራሱን ድምፅ ይስጠው። የተቋረጠ ቮይስ እንዴት ከመጀመሪያው እንደሚከፈት ሦስት ጊዜ፣ በራሳቸው ጣት ያለማምዳቸው።

ቮይስ የሚልክም ሰው አንድ ነገር ይልመድ። ሰላምታው አይቀርም፤ አባት ያለ ሰላምታ አይጠራም። ከሰላምታው ቀጥሎ ግን ውሳኔው ይምጣ፣ ምክንያቱ ይከተል፦ «አባባ እንዴት ዋልክ? ዛሬ አትሽጥ። ለምን መሰለህ…»

ከዚያ በኋላ ቲክቶክ ቢገባም ገበሬው የሚያስፈልገውን ሰምቷል።